የሞዴናው ሽማግሌ

«ካርቡራቶሮቹን የሠሩት ሞዴና ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው» አለ ዳግ። «ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ስልክ አይወዱም፣ ሰውም ብዙ አይወዱም። እኔ በሣጥን እልክላቸዋለሁ፣ እሳቸው ሠርተው ይመልሱልኛል። እንደሳቸው ያለ እጅ ዛሬ በዓለም ላይ የቀረ አይመስለኝም።»

ኣብረሀት ይህን የሰማችው ዘጠኝ ዶላር የከፈለችበትን ሌሞኔድ እንደያዘች ከድንኳኑ ጀርባ ቆማ ነው። የመጣችው አለቃዋን ዳግን ሰላም ልትል ነበር። በሸራው ክፍተት ነጩ አልፋ ሮሜዮ ይታያል። ከተሠራ ስድሳ ዓመት ያለፈው የውድድር መኪና ነው፤ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ቤንዚንን ከአየር እያደባለቁ ሞተሩን የሚያጠጡት ሁለቱ ካርቡራቶሮች ጎን ለጎን ያብረቀርቃሉ። ከመኪናው ፊት በቆመች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ታሪኩ ባማረ ጽሕፈት ታትሟል፤ የመጨረሻው መስመር «ካርቡራቶር፦ ማኤስትሮ ብሩኖ፣ ሞዴና፣ ኢጣሊያ» ይላል። እነዚያን ካርቡራቶሮች አምና መጋቢት ላይ ለአሥራ አንድ ቀን ፈታታ፣ በጥርስ ብሩሽ አጥባ፣ ያለቁ ዘንጎቻቸውን ለውጣ መልሳ የገጠመቻቸው እሷ ናት። በቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ ከሁለተኛው ካርቡራቶር ያገኘችው ነው።

ከዳግ ፊት የቆሙት የመኪናው ባለቤት ሚስተር ሆልኮም ናቸው። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም፣ ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ፤ ነጭ የውድድር ቱታ ለብሰዋል። «ሳልሞኑንስ ወደዱት?» ብለው ጠየቁ። «በጣም እንጂ» አለ ዳግ። «እንዲህ ያለ ዓሣ በልቼ አላውቅም ነው ያሉኝ።» ኣብረሀት ሳልሞኑን ታውቀዋለች። ባለፈው የገና ሰሞን በእንጨት ሣጥን የመጣ፣ በጭስ የበሰለ ሳልሞን ነበር። ዳግ ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከፍቶት ለአራቱም ሠራተኞች በብስኩት ላይ እያደረገ አካፈላቸው። እሷ ሁለት ጊዜ አነሳች፤ ሁለት ጊዜም ከልቧ አመሰገነችው። ለራሷ የተላከላትን ስጦታ ሌላ ሰው ቆርሶ ሲያጎርሳት «እጅህ ይባረክ» ብላለች ማለት ነው። ሌሞኔዱ በእጇ ላይ እየሞቀ ሄደ። ሰላም ሳትል ተመለሰች።

ቀኑ እሑድ ነው፤ የሐምሌ ፀሐይ ሲያትል ላይ እንደምታደርገው ሁሉ ለክረምቱ ካሣ የምትከፍል ይመስል ከጠዋት ጀምራ ወጥታለች። ኬንት ጫካ ውስጥ ያለው የድሮ የውድድር ሜዳ በዓመት አንዴ አሮጌ የውድድር መኪኖች ከየጋራዡ ወጥተው የሚሮጡበት በዓል ያዘጋጃል። ኣብረሀት በዳግ ጋራዥ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ስድስቱንም ዓመት ለዚህ በዓል መኪና ስታዘጋጅ ከርማ፣ አንዱንም ሲሮጥ አይታ አታውቅም። «መግቢያው ለደንበኛ ብቻ ነው የሚሰጠኝ» ይላት ነበር ዳግ። ዘንድሮ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት ልጇ ሄለና ስልኳን ከፍታ ስታይ መግቢያው ለማንም በአርባ አምስት ዶላር እንደሚሸጥ አገኘች፤ ሁለት ገዛች። ባለቤቷ ዘርእሰናይ ከረቫቱን እያሰረ «እሑድ ቀን?» ብሎ ጠየቀ። «እሑድ ቀን» አለች እሷ። እሱ ወደ ቸርች ሄደ፣ እሷ ፌደራል ዌይ ከተማ ባለው አፓርታማቸው በር ላይ ቆማ ልጇን ጠበቀች።

ሄለና የመጣችው ከሬድመንድ ነው፤ እዚያ ሶፍትዌር ትሠራለች። መንገድ ላይ ጓደኛዋ ደወለች፤ ድምፁ በመኪናው ውስጥ ይሰማ ነበር። ሄለና በእንግሊዝኛ «ከእናቴ ጋር ነኝ፤ የሆነ የድሮ መኪና ነገር ላሳያት ነው። የመኪና ዕቃ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች አላልኩሽም?» አለቻት። ኣብረሀት በመስኮቱ ጥዶቹ ሲያልፉ ታያለች። ዕቃ መሸጫ ሠርታ አታውቅም። ልጅቷ ይህን ታውቃለች፤ ጥፍሯ ሥር የሚቀረውን ጥቁር መስመር ከትንሽነቷ ጀምሮ አይታዋለች። ስልኩ ሲዘጋ ሄለና ሬዲዮ ከፈተች። ሜዳው ጋ ደርሰው ሣሩ ላይ ፓርክ ሲያደርጉ ሃያ ዶላር ተጠየቁ፤ ሄለና «ለሣር?» አለችና ከፈለች።

ውስጡ ሌላ ከተማ ነው። በረድፍ በተተከሉት ድንኳኖች ሥር ባለ መኪኖቹ በሸራ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሚስቶች፣ ወርቃማ ፀጉር ያላቸው ውሾች፣ በረዶ የሞላባቸው ሣጥኖች አሉ። በመኪኖቹ መሃል እንደ ልብ መዘዋወር ይቻላል፤ ገመድ አለ፣ ግን የሚከለክል ሰው የለም። ሆት ዶግ አሥራ አራት ዶላር ነው። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከጥዱ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሄለና አፍንጫዋን ያዘች፣ እናቷ በረጅሙ ሳበችው። ወደዚህ የገባችው በደስታ ነበር። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው ሌሞኔዷን ይዛ የተመለሰችው።

ሄለና እናቷን አጥሩ ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ኣብረሀት የሰማችውን እንዳለ ነገረቻት፤ ሽማግሌውን፣ ሰሌዳዋን፣ ሳልሞኑን። ልጅቷ መነጽሯን አወለቀች። «ማሚ፣ ማርኬቲንግ ነው። ሁሉም እንደዚህ ያደርጋሉ። ሶ ዛሬ ዝም ብለሽ ኢንጆይ አድርጊ፤ ነገ ለሱ ኢሜል እጽፍልሻለሁ፣ ኦኬ?»

«ኢሜሉ ላይ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

ሄለና መነጽሯን መልሳ አደረገች። ይሄኔ ከአጥሩ ወዲያ የጠዋቱ ልምምድ ተጀመረ። መኪኖቹ ቁልቁለቱን ወርደው ጫካው ውስጥ ይሰወራሉ፤ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በዳገቱ በኩል ብቅ ይላሉ። ነጩ አልፋ በመጀመሪያው ዙር ደህና አለፈ። በሁለተኛው ከጫካው ሳይወጣ ገና ኣብረሀት ብድግ አለች። «ጠማው» አለች።

«ምን?»

«ቤንዚን እያጠረው ነው። ስሚው፣ ዳገቱ ላይ ያስለዋል።»

ሄለና ሰማች፤ ለእሷ ሁሉም ጩኸት ነው። ነገር ግን በሦስተኛው ዙር አልፋው እየተንደፋደፈ፣ በማርሚታው እሳት እየተፋ ከሜዳው ወጣ። ዋናው ውድድር ሊጀመር ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ኣብረሀት ድንኳኑ ጋ ስትደርስ ዳግ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ቀብሯል፤ ላቡ በሸሚዙ ላይ ካርታ ሠርቷል። ሚስተር ሆልኮም የራስ ቁራቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል፤ አራት እንግዶቻቸው ብርጭቆ እንደያዙ ዳግን ያያሉ። ዳግ ቀና ሲል አያት። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ወዲያው ፊቱ ፈካ አለ፤ ክንዷን ይዞ መኪናው ተጭኖ ከመጣበት ተጎታች ጀርባ ወሰዳት።

«አቢ፣ አንቺን አምላክ ነው የላከልኝ። ስሚ፣ እኔ ሆልኮምን ቡና ልጋብዝ ብዬ ይዣቸው እሄዳለሁ። ሃያ ደቂቃ አለሽ። ማንም ሳያይሽ እይውና አስተካክይው። ስመለስ ሞዴና ደውዬ ነው፣ እንዲህ አድርግ አሉኝ እላለሁ።»

«ስልክ አይወዱም አላልክም?»

ዳግ ክንዷን ለቀቀ። ወደ መሬት አየ፣ ከዚያ ድምፁን አለስልሶ አንድ አባት ለልጁ በሚያወራበት ቃና ጀመረ። «አቢ፣ ደንበኛ ካርቡራቶር ብቻ አይደለም የሚገዛው፣ ታሪክም ይገዛል። ፌደራል ዌይ የምትኖር ሴት ናት ብላቸው ያን ውድ ዕቃ ማን ያመጣልኛል? ላንቺም እንጀራ የሆነልሽ እኮ ያ ሽማግሌ ነው።»

«ትናንት ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ተንሳፋፊ ነክተኸዋል?»

«ሆልኮም ቤንዚን ሸተተኝ ስላሉ ትንሽ ዝቅ አድርጌዋለሁ።»

«ትንሽ አይደለም። አድርቀኸዋል» አለች ኣብረሀት። «እሠራዋለሁ። በፊታቸው ነው የምሠራው። መጋቢት ላይም የሠራሁት እኔ መሆኔን አንተ ትነግራቸዋለህ።»

«ዛሬ አይሆንም። ነገ ቁጭ ብለን እናወራለን።»

«የተበላሸው ዛሬ ነው።»

ጥላው ሄደች። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣላት በኋላም አላወቀችውም። ስድስት ዓመት ሙሉ «አቢ» ሲላት አቤት ያለች፣ ደመወዝ ሲዘገይ ዝም ያለች፣ ቅዳሜን በነፃ የሠራች ሴት ናት። ሰው ሥራዋን አይቶ አለማድነቁን ችላዋለች። ሥራዋን አድንቆ ለሌለ ሰው ሲሰጠው ግን አልቻለችም። ገመዱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ከሥሩ አለፈችና ሚስተር ሆልኮም ፊት ቆመች።

በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ ሚስተር ሆልኮም። ሞዴና ያሉት ሽማግሌ እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ከእንግዶቹ አንዷ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ሚስተር ሆልኮም መንገድ ለጠፋው ሰው የሚሰጥ ዓይነት ትሕትና የተሞላ ፈገግታ አሳዩ። ዳግ እየሮጠ ደረሰ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የጋራዡ ልጅ ናት፣ ዕቃ የምታጥብልኝ» አለ።

«እናቴ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው» የሚል ድምፅ ከገመዱ ወዲያ መጣ። ሄለና ነበረች፤ እናቷን ልትመልስ ተከትላት ስትመጣ «ልጅ» የሚለው ቃል ላይ ደርሳ ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል።

ኣብረሀት ዞረችና በአማርኛ ጠራቻት። «ሄለና፣ ነይ ተርጉሚልኝ። እንግሊዝኛ አንሶኝ አይደለም። ስናደድ ቃል ይጠፋብኛል፤ ዛሬ ደግሞ አንዲትም ቃል እንድትጠፋብኝ አልፈልግም።»

«ማሚ፣ ፕሊስ…»

«ነይ።»

ልጅቷ በገመዱ ሥር ገባች። ኣብረሀት እጆቿን ከፊቷ አጣምራ፣ ዓይኗን ከሚስተር ሆልኮም ሳትነቅል መናገር ጀመረች። «እኝህ ሰው እንዲያውቁ የምፈልገው፣ ማኤስትሮ ብሩኖ የሚባል ሰው የለም። ካርቡራቶሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ትናንት ዳግ ነካክቶ አበላሽቶታል። ላስተካክለው እችላለሁ፤ ግን ተደብቄ አልሠራም። በይ ንገሪያቸው።»

ሄለና ጉሮሮዋን ጠረገች። «እናቴ፣ በሥራው ላይ ተሳትፋ ስለነበር ምናልባት ልትረዳ ትችል ይሆናል ትላለች» አለች በእንግሊዝኛ።

«ምናልባት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም» አለች ኣብረሀት። «ተሳትፋ የሚልም አልወጣም። ያልኩትን በይ።»

ሄለና እናቷን አየቻት። እናቷም አየቻት። የልጅቷ ትከሻ እንደ መውረድ አለና እንደገና ተነሣ፤ ከዚያ ቃል በቃል፣ አንድ ሳታስቀር፣ ጮክ ብላ ተናገረችው። «አበላሽቶታል» የሚለውን ስትደርስ ወደ ዳግ ዞራ ነው ያለችው። እንግዶቹ ብርጭቋቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሚስተር ሆልኮም የራስ ቁራቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። የተታለለ ሰው ደስ አይለውም፤ በጓደኞቹ ፊት መታለሉ ሲነገርበት ደግሞ የነገረውን ሰው ነው የሚጠላው። «ይህን ማንም ሊል ይችላል» አሉ በመጨረሻ።

«ክዳኖቹን ይክፈቷቸው በያቸው» አለች ኣብረሀት። «አምስት አምስት ብሎን ነው ያላቸው። ከውስጥ በኩል፣ ዓይን በማያየው ገጽ ላይ በመርፌ የተጫረ አንድ ፊደል አለ። ከፊተኛው ላይ በፊደሉ ሥር አንድ ጭረት፣ ከኋለኛው ላይ ሁለት። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው እንዲህ ያስለመደኝ፤ ዕቃው ተበላሽቶ ሲመለስ ከሌላ ሰው በፊት ራስሽን እንድትጠይቂ ይል ነበር።»

ዳግ «ጊዜ የለንም» ማለት ጀመረ። ሚስተር ሆልኮም እጃቸውን አነሡ፤ የራስ ቁራቸውን ለእንግዳቸው ሰጥተው ራሳቸው ብሎኖቹን ፈቱ። የፊተኛውን ክዳን በሁለት ጣታቸው ገልብጠው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በጥርስ ሐኪም ዓይን ተመለከቱት። የኋለኛውንም ፈቱ። «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፣ ለሄለና እያሳዩ።

«ኣ» አለች ሄለና። «የእናቴ ስም መጀመሪያ ነው።»

ሽማግሌው ክዳኑን ለዳግ አላሳዩትም። ለኣብረሀት ሰጧትና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። መንገድ ለቀቁላት ማለት ነው።

ሠላሳ አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ኣብረሀት ለቸርች ልትለብሰው የነበረውን ሸሚዝ እጅጌ እስከ ክርኗ ጠቀለለች። የተንሳፋፊውን ክንድ ስታየው ወዲያው ገባት፤ ዳግ በፒንሳ አጥፎታል፣ የፒንሳው ጥርስ ነሐሱ ላይ ቀርቷል። ቤንዚኑ ቋቱ ውስጥ ሳይሞላ መግቢያው ይዘጋል፤ ደልዳላ ላይ ብዙም አይታወቅም፣ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይደርቃል። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ሳትዞር፣ «ካቻቢቴ» አለች። ሄለና የመሣሪያ ሣጥኑ ፊት ግራ ገብቷት ቆመች። ሚስተር ሆልኮም ጎንበስ ብለው ትክክለኛውን መፍቻ አነሡና እጇ ላይ አኖሩት።

«ጣሊያንኛ ትችያለሽ እንዴ?» አሉ እየተገረሙ።

«አማርኛ ነው» አለች ኣብረሀት።

ከዚያ ሄለና ብሎኖቹን በቡና ጽዋ ክዳን ላይ እየቆጠረች ያዘች፤ በሌላ እጇ የስልኳን መብራት አበራች። ኣብረሀት ስምንት ተኩል ሚሊሜትር ውፍረት ያላት የመሰርሰሪያ ጫፍ ከሣጥኑ ፈልጋ አወጣች፣ በተንሳፋፊውና በክዳኑ መካከል እየከተተች ክንዱን በጣቷ ቀስ ብላ መለሰችው። ጫነች፣ ለካች፣ እንደገና ጫነች። ከአጎራባቹ ድንኳን አንድ ሰማያዊ ፊያት ያለው ሰው መጥቶ ገመዱ ላይ ቆመ፤ ከኋላው ሌሎች ቆሙ። ቀድሞ ኣብረሀት ሰው ሲያያት መሥራት አትችልም ነበር፤ ወይም እንደማትችል ይመስላት ነበር፣ ምክንያቱም ማንም አይቷት አያውቅም። ከክዳኖቹ ሥር ቤንዚን እንዳያፈስ የሚነጠፉትን ጓርኒሲዮኖች መለሰች፣ ክዳኖቹን ገጠመች፣ «ያስነሡት» አለች።

አልፋው በመጀመሪያው ተነሣ። ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አስጠግታ የአንዱን ካርቡራቶር ብሎን ሩብ ዙር አዞረች፣ ትንሽ መለሰች፣ ቆመች። ድምፁ እንደሚፈላ ውሃ እኩል ሆነ። ገመዱ ላይ የቆመው ሰውዬ እጁን አጨበጨበ፤ ወዲያው አፍሮ ተወው።

ሚስተር ሆልኮም መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ሲያስሩ ዳግን ጠሩት። «ለሌለ ሰው የገና ስጦታ ልኬያለሁ» አሉት በዝግታ። መልስ አልጠበቁም። ለኣብረሀትም አመሰግናለሁ አላሏት፤ አንዴ ብቻ ቀና ብለው አዩዋት፣ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፣ ሄዱ።

ዳግ መኪናው ከዓይን እስኪርቅ ጠብቆ ወደ እሷ መጣ። «ምርጥ ደንበኛዬን ነው ያሳጣሽኝ። ነገ አትምጪ።»

«ነገ እመጣለሁ» አለች ኣብረሀት እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ጋራዡ ውስጥ ያለው የመሣሪያ ሣጥን የኔ ነው። ጠዋት በሩን ክፈትልኝ፣ ጭኜ እሄዳለሁ። የሰባት ደንበኛ ካርቡራቶር ጠረጴዛው ላይ ተፈታቶ አለ፤ የቱ ብሎን የማን እንደሆነ ሞዴና ደውለህ ጠይቃቸው።»

ይህን በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ ሄለና መተርጎም አላስፈለጋትም። ከገመዱ ሲወጡ ሰማያዊ ፊያት ያለው ሰው ስልኩን ለኣብረሀት ዘረጋላት። «የኔም ዳገት ላይ ያስለዋል» አለ። ቁጥሯን ጻፈችለት፤ «ነገ ከሰዓት በኋላ ኮል አድርግ፣ ጠዋት ጉዳይ አለኝ» አለችው። የነገ እንጀራዋ ምን እንደሚሆን ግን አታውቅም ነበር። የአፓርታማው ኪራይ አለ፣ ዘርእሰናይ ሲሰማ የሚለው አለ። እግሯ ግን ቀለል ብሏል።

ውድድሩን ከአጥሩ ሥር ቆመው አዩት። አልፋው ዘግይቶ ስለደረሰ ከአሥራ ዘጠኝ መኪኖች መጨረሻ ላይ ነው የተነሣው። ኣብረሀት መኪናውን ብዙም አላየችውም፤ ከጫካው ውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ነበር የምትከተለው። በመጀመሪያው ዙር ዳገቱ ላይ ሲደርስ የሄለናን እጅ ያዘች። አላሳለውም። ድምፁ ሳይቆራረጥ እየጠበበ፣ እየጠበበ ወደ ላይ ወጣና በፊታቸው አለፈ። «ሰማሁት» አለች ሄለና በአማርኛ። «ማሚ፣ ልዩነቱን ሰማሁት።» አምስተኛው ዙር ላይ ዘጠኝ መኪና አልፎ ነበር፤ በስምንተኛው፣ በመጨረሻው ዙር፣ ስድስተኛ ሆኖ ገባ። የእሷም የልጇም እጅ በዘይት ጠቁሯል፤ አንዳቸውም አልተላቀቁም።

የሜዳው ድምፅ ማጉያ ከየግንዱ ላይ ይጮሃል። «ከመጨረሻ ተነሥቶ ስድስተኛ! ሚስተር ሆልኮምና ነጩ አልፋ!» አለ አስተዋዋቂው። «ያንን ድምፅ ሰምታችኋል፣ ክቡራትና ክቡራን? ያ ድምፅ የታዋቂው የሞዴና ማኤስትሮ ብሩኖ እጅ ሥራ ነው።»

ሄለና እጇን ከእናቷ እጅ ሳታወጣ፣ «የት ነው ያለው ይሄ ሰውዬ?» አለች።

አስተዋዋቂው ያለው ከመነሻው መስመር ትይዩ፣ በእንጨት ማማ ላይ ነው። ደረጃው ሥር ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሴት እጇን ዘርግታ ከለከለቻቸው፤ ወደ ላይ የሚወጣው የሜዳው ሠራተኛ ብቻ ነው አለች። ሄለና ፊት ለፊቷ ቆመች። «እናቴ መካኒክ ናት» አለቻት። «አሁን የተነገረው ስለሷ ሥራ ነው፤ ስሙን ግን ተሳስታችኋል። አርመን እንወርዳለን።» ሴትዮዋ ሄለናን አየች፣ የኣብረሀትን እጅ አየች፣ እጇን አጠፈች። አሥራ ስምንት ደረጃ ወጡ።

አስተዋዋቂው የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰው ነው፤ ፊቱ ወረቀት ተከምሯል። ሄለና ስታስረዳው ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፈነ። «እሜቴ፣ እኔ የተሰጠኝን ነው የማነበው። ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ይጻፉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይታረማል» አለ። ኣብረሀት አልተቆጣችም፣ ግን አልሄደችምም። ከጠረጴዛው ላይ እስክሪቢቶውን አነሣች፣ የአልፋው ወረቀት ላይ የማኤስትሮ ብሩኖን ስም በአንድ መስመር ሰረዘችና ከበላዩ ስሟን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፈች። ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ በጥቁር ቀረ። «መኪኖቹ ገና ወደ ድንኳናቸው አልተመለሱም» አለችው። «ጊዜ አለህ።»

ሰውዬው ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ እሷ አየ። ተንፍሶ መዳፉን ከማይክሮፎኑ ላይ አነሣ። «እርማት አለን፣ ክቡራትና ክቡራን» አለ። «የነጩን አልፋ ካርቡራቶሮች የሠሩት… አብራሃም…»

«አይደለም» አለች ኣብረሀት። ድምፅ ማጉያው ይህንንም ይዞት በጫካው ላይ ወጣ። ታች ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«አብ-ራ-ሃት?»

«እንደገና። ኣ-ብ-ረ-ሀ-ት።»

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ ከንፈሩን ሁለት ጊዜ ያለ ድምፅ አንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንዱንም ፊደል ሳይውጥ፣ «ኣብረሀት» አለ። ስሙ ከየግንዱ ላይ በአንዴ ወጣና ጥዶቹን አልፎ ሄደ፤ ታች ከድንኳኖቹ መሃል ዳግ ወደ ማማው ዞሮ ሲቆም ታየ።

«ጥሩ ነው» አለች ኣብረሀት፣ እስክሪቢቶውን እንደገና እያነሣች። «አሁን ደግሞ የአባቴን እጽፍልሃለሁ። ወልደትንሳኤ ነው።»